ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ማታ ማታ ልጄን አስተኝቼ ነው የማነበው። ዛሬ ግን እኔው ልጽፍልዎት ተነሣሁ።

ዕድሜዬ 33 ነው። የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የስፌት ኦፕሬተር ነበርኩ። በ2014 ዓ.ም. አጎዋ (ልብሱ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል) ሲቋረጥ እኛ ላይን ላይ ከነበርነው ብዙዎቻችን ተቀነስን። ያኔ ባለቤቴ «ሥራሽ ነው እንጂ እጅሽ አልተቀነሰም» አለኝ። በስሙ ብድር ወሰደ፣ የዕቁብ ብር ጨመርንበት፣ ሁለት የስፌት መኪና ገዛን። የተማሪ ዩኒፎርምና መጋረጃ መስፋት ጀመርኩ። እሱ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ኑሯችን ተመስገን የሚያሰኝ ነበር።

ባለፈው ኅዳር ሦስት ቀን ታሞ አረፈ። «ተሽሎታል» ብለውኝ ወደ ቤት መጥቼ፣ የሰው ዩኒፎርም ልጨርስ ቁጭ ባልኩበት ነው ስልኩ የተደወለው። መኪናው ዛሬም ሰማያዊውን ክር እንደያዘ ቆሟል። ጨርቅ አልብሼዋለሁ። ገልጬ ማየት አልቻልኩም።

እስከ ሰማኒያው ሰው አልተለየኝም። ከዚያ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ሄደ። ብድሩ ሳይከፈል አራት ወር ሆነው። የባለቤቴ ወንድም «ባጃጁን ሸጠን ሙት ዓመቱን በወጉ እናውጣለት» ይላል። አክስቴ «ልጅሽን ለእኔ ተዪና ዱባይ ሂጂ» ትለኛለች። የ7 ዓመት ልጄ አባቷ መንገድ እንደሄደ ነው የምታውቀው። የባጃጅ ድምፅ ስትሰማ ወደ በር ትሮጣለች።

ሰው ሁሉ «በርቺ» ይለኛል። ከየት አምጥቼ ልበርታ? ባለፈው ጎረቤት ቡና ላይ ሳላስበው ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ራሴን ረገምኩ። ጓደኛዬ ከቲክቶክ «አምስቱ የኀዘን ደረጃዎች» የሚል ቪዲዮ ላከችልኝ። እኔ አንዱንም አላለፍኩም። የተሰበርኩ ሰው ነኝ ወይ?

ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የባለቤትሽንም ነፍስ ይማር።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አልተሰበርሽም። ስምንት ወር ለሩቅ ሰው ረጅም ይመስላል። አንቺ ቤት ግን ነገሩ የትናንት ነው። ጥቁሩን እንኳ ገና አላወለቅሽም። በዚህ ሁሉ መሀል ልጅሽን ታበያለሽ፣ ታለብሻለሽ፣ ታስተኛለሽ። ከዚያ ተቀምጠሽ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ። የማየው በጣም የደከመች ሴት ነው። ድካም ደግሞ የሚያግዝ ሰው ሲገኝ ይቀልላል።

ቪዲዮውን እርሺው። «አምስቱ ደረጃዎች» የሚባለውን ሐሳብ ያመጣችው ኤልሳቤት ኩብለር-ሮስ የምትባል የስዊዘርላንድ ተወላጅ ሐኪም ናት። እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን የጻፈችው በጠና ታመው ሞታቸውን ስለሚጠብቁ ሕሙማን ነበር። መካድ፣ መናደድ፣ መደራደር፣ መተከዝ፣ መቀበል ያለችው እነሱ ላይ ያየችውን ነው። በኋላ ነው ሐሳቡ ሰው ለሞተበት ሁሉ እንደ ሕግ የተወሰደው። እሷም ብትሆን ሰው ሁሉ በዚያ ቅደም ተከተል ይሄዳል አላለችም። ስለዚህ የቀረሽ ፈተና የለም። አንድ ቀን ንዴቱ ይመጣል። በማግስቱ ባዶነቱ ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ደህና የምትይው ቀን ይመጣና ሳታውቂው ያልፋል። የኀዘን መንገዱ እንዲህ የተዘበራረቀ ነው።

ያ ሳቅም የዚሁ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርጋሬት ስትሮቤና ሄንክ ሹት የሚባሉ በኔዘርላንድ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ነገር ጻፉ። ኀዘንተኛ ሰው በሁለት ነገር መሀል ይመላለሳል አሉ። አንዴ ወደ ሟቹ ይዞራል፤ ያለቅሳል፣ ያስታውሳል፣ ይናፍቃል። አንዴ ወደ ኑሮው ይዞራል፤ ሒሳብ ይሠራል፣ ልጅ ያጥባል፣ ይጫወታል። መመላለሱ ራሱ ነው ሰውን የሚያቆመው። ከሁለቱ በአንዱ ተዘግቶ መቅረት ግን ይጎዳል።

የእኛ ሰው ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል። ለቅሶ ቤት ያመሸ ሰው ሁሉ አይቶታል። ቀን ደረት ሲመታበት በዋለ ድንኳን ውስጥ ማታ ካርታ ይጫወታሉ። አንዱ የሟቹን ነገር አንሥቶ ያስቃል። ሰው እንባውን እየጠረገ ይስቃል፤ ማንም ነውር አይለውም። ድንኳኑ ሲነሣ ያ ፈቃድም አብሮ የተነሣ ይመስለናል። አንቺም ቡናው ላይ የሆነብሽ ይኸው ነው። ባለቤትሽ ሥራ ባጣሽ ቀን «እጅሽ አልተቀነሰም» እያለ ፊትሽን ሊፈታ የሞከረ ሰው ነው። አንዲት ጎረቤት ብታስቅሽ ይከፋው ነበር ብለሽ ታስቢያለሽ? እኔ አይመስለኝም።

«ከየት አምጥቼ ልበርታ» ያልሽው ልቤን ነካው፤ ደግሞም ልክ ነሽ። ሰው ብርታትን ብቻውን ከሆዱ አያወጣም። አብዛኛው ከሰው ነው የሚመጣው። በሃዋይ፣ ካዋይ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ ልጆችን ኤሚ ወርነር የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቿ ጋር ለአሥርት ዓመታት ተከታትላለች። በድህነት፣ በወላጅ ሕመምና በቤት ውስጥ ጠብ መሀል ካደጉት ልጆች ሲሶ ያህሉ ደህና ሰው ሆነው አደጉ። እነዚህን ልጆች ምን ለያቸው ሲባል ተደጋግሞ የተገኘ አንድ ነገር ነበር። ቢያንስ አንድ የማይለዋወጥ፣ የሚወዳቸው ትልቅ ሰው ነበራቸው። አያት ትሁን፣ ጎረቤት፣ አስተማሪ፣ ብቻ አንድ ሰው።

በዚህ በኩል እኛ ሀብታሞች ነን። ግን እስከ ሰማኒያው ብቻ ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ሰታቴ ያመጣል። ንፍሮ ይቀቀላል። ጎረቤት በየተራ እንጀራ ይዞ ይገባል። ሠልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማኒያ እያልን ለሁሉም ቀን ቆርጠንለታል። ከሰማኒያው እስከ ሙት ዓመቱ ያለው ግን ባዶ ሜዳ ነው። ኀዘኑ በእውነት ቤት የሚገባው ደግሞ ያኔ ነው። ይህ የወጋችን ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ። ለድንኳኑ እንዲህ የሚጨነቅ እድር ለስድስተኛው ወር አንድ ጠያቂ ሰው ቢመድብ ብዙ ቤት ከመፍረስ ይድን ነበር። የእድር ዳኞች ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ አንሡት።

እድሩ እስኪነቃ ግን ጠይቂ። ሰው የራቀሽ ስለጠላሽ አይደለም። ምን እንደሚያደርግልሽ ግራ ስለገባው ነው። «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ደውይ» ያሉሽ ብዙዎች ናቸው። እንዲህ ላለ ሰው መደወል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ምን ብሎ ይጀመራል? ስለዚህ ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቂ። አንዷን «ማክሰኞ ከሰዓት ልጄን ያዢልኝ» በያት። ሌላዋን «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገብርኤል በር ላይ ጠብቂኝ፣ አብረን እንመለስ» በያት። የእድሩን ዳኛ «ብድር ቤት አብሮኝ የሚሄድ አንድ ሽማግሌ ስጡኝ» በያቸው። እንዲህ ተለክቶ የተጠየቀ ሰው እምቢ ሲል እምብዛም አላየሁም። ያሳቀችሽን ጎረቤት ደግሞ አትራቂያት። ከሁሉ የምትጠቅምሽ እሷ ትመስለኛለች።

አሁን ልጅሽ። ከደብዳቤሽ ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ እሷ ወደ በር የምትሮጣት ሩጫ ናት።

የ7 ዓመት ልጅ ሞትን መረዳት ትችላለች። በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ልጅ የሞተ ሰው እንደማይመለስ ይገባዋል። የማይገባው የትልቅ ሰው ዝምታ ነው። አባቴ መንገድ ከሄደ ለምን አይደውልም? እማዬ ለምን ጥቁር ትለብሳለች? ጠልቶን ነው የሄደው? ልጅ መልስ ሲያጣ ራሱ ይፈጥራል። የሚፈጥረው መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ «እኔ አጥፍቼ ነው» የሚል ነው። ምናልባትም ነገሩን ሰምታለች። የሰፈር ልጅ ነግሯት ይሆናል። አንቺን ላለማስለቀስ ብላ ውጣው ይሆናል። ልጆች እንዲህ ያደርጋሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ተስፋዋ እንደ አዲስ ይነሣል፣ እንደ አዲስ ይወድቃል። አንድ ጊዜ እውነቱን ሰምታ፣ እቅፍሽ ውስጥ ሆና ብታለቅስ ይሻላታል።

ለትልቅ ሰው መርዶ ስናረዳ ወግ አለን። ሽማግሌ ይሰበሰባል። በማለዳ ይኬዳል። ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ዘመድ ይጠራል። ነገሩ በግልጽ ይነገረዋል፣ ከዚያ አብሮ ይለቀሳል። ለልጅ ግን መርዶ የሚያረዳ የለም። ከበስተጀርባ ሹክሹክታ ይሰማል፣ ዘመድ ቤት ይላካል፣ ሲመለስ ሁሉም ነገር ተለውጦ ይጠብቀዋል። ለልጅሽ እንዲህ አይሁንባት። ለእሷም በወጉ አርጂያት።

የክርስትና እናቷን ወይም አያቷን ጥሪ። ቅዳሜ ጧት ይሁን፣ ቀኑን ሙሉ አብራችሁ እንድትውሉ። ማታ አይሁን። ቁርሷን ትብላ። ከዚያ እቀፊያትና በአጭሩ ንገሪያት። «አባባ በጣም ታሞ ነበር። ሐኪሞቹ ሊያድኑት ሞከሩ፣ አልቻሉም። ሞተ። ከእንግዲህ አይመለስም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም። እኔ አለሁ፣ አብሬሽ ነኝ። መንገድ ሄዷል ያልኩሽ ልነግርሽ ፈርቼ ነው።» ይህን ያህል ይበቃል። «ተኝቷል» አትበያት፣ መተኛት ትፈራለች። «እግዚአብሔር ስለወደደው ወሰደው» የሚለውንም ለጊዜው ተዪው። «እማዬንም ቢወዳትስ» ብላ የምትሰጋ ልጅ አለች። ነፍሱ እግዚአብሔር ዘንድ ናት ማለት ግን ትችያለሽ።

ከዚያ ምን ታደርጋለች? ምናልባት ትጮሃለች። ምናልባት ዝም ትላለች። ምናልባት ከትንሽ ጊዜ በኋላ «ልጫወት?» ትላለች። አትደንግጪ፣ አልገባትም ብለሽም አታስቢ። ልጆች ኀዘንን በትንሽ በትንሹ ነው የሚወስዱት። በሳምንቱ ያንኑ ጥያቄ ደግማ ትጠይቃለች። ያንኑ መልስ ስጪያት። መቃብሩን ማየት ከፈለገች ውሰጃት። ሥዕል ሥላ ልታስቀምጥለት ትችላለች። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ስትመለስ መምህሯ እንድታውቅ አድርጊ። ባጃጅ ስትሰማ አሁንም ወደ በር ብትሮጥ አትቆጫት። እግሯ ለምዶ ነው። «አባባን አስታወስሽው? እኔም አስታወስኩት» በያትና አስገቢያት።

ስለ ጤናሽም አንድ ነገር ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት በአዲሱ የበሽታዎች ምደባው የተራዘመ ኀዘን የሚባል ሕመም አካቷል። ቢያንስ 6 ወር ማለፍ አለበት ይላል። ግን ወሩ ብቻውን አይቆጠርም። ኀዘኑ የሰውየው ባህልና ሃይማኖት ከሚጠብቀው እጅግ ያለፈ፣ ኑሮውንም ያሰናከለ መሆን አለበት። እኛ ደግሞ ዓመት ጥቁር የምንለብስ ሕዝብ ነን። ስለዚህ በስምንት ወርሽ ማልቀስሽ፣ መናፈቅሽ፣ መኪናውን ማየት መፍራትሽ በሽታ አይደለም። ነገር ግን ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ አልወርድ ካለሽ፣ ለልጅሽ መነሣት ካቃተሽ፣ ወይም «ምነው ብከተለው» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ቀን አትስጪው። ሐዋሳ ሪፈራል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። በተለይ ያ የመጨረሻው ሐሳብ ከመጣብሽ በዚያው ሰዓት ለአንድ ሰው ንገሪ፣ ብቻሽንም አትደሪ። ፀበል የምትሄጂ ከሆነ ሂጂ፤ ሐኪም ያዘዘውን ግን አታቋርጪ። ሁለቱ አይጣሉም።

ወደ ስፌት መኪናው እንምጣ። አንቺ ሁለት ነገር ነው ያጣሽው። ባለቤትሽንና ሥራሽን። ሁለቱም በአንድ ስልክ፣ በአንድ ደቂቃ ስለሄዱብሽ አንድ መስለውሻል። መኪናውን ስታይ ስልኩ ይጮህብሻል። ባለቤትሽን የሚመልስልሽ የለም። ያኛው ኀዘን ጊዜውን ይፈልጋል፣ ጊዜውን ስጪው። ሥራሽ ግን አልሞተም። ሁለቱን በአንድ ጨርቅ አትሸፍኛቸው።

ጨርቁን ብቻሽን አትግለጪው። ጎረቤትሽ ቡናዋን ይዛ ትምጣ። የመጀመሪያው ቀን ሥራ መግለጥ፣ አቧራ መጥረግና ዘይት መቀባት ብቻ ይሁን። ስምንት ወር የቆመ መኪና መቼም ሳይቀባ አይነዳም፤ ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። ሰማያዊውን ክር ብትፈልጊ አውጪው፣ ባትፈልጊ ተዪው። የጀመርሽውን ዩኒፎርም አጣጥፈሽ አስቀምጪው። ብታለቅሺ አልቅሺ። የዚያን ቀን ከዚህ አትለፊ። በሌላ ቀን ትርፍራፊ ጨርቅ ላይ ቀጥ ያለ ስፌት ስፊ። ፋብሪካ ስትገቢም ያስጀመሩሽ እንዲሁ ይሆናል። እጅሽ ሲመለስ ያን በግማሽ የቀረ ዩኒፎርም ጨርሺው። ባለቤቱ እስካሁን ሌላ አሰፍቶ ይሆናል፤ ይሁን። የሚበቃው የሰፈር ልጅ አይጠፋም። ያን ቀሪ ስፌት ስትጨርሺ ከኅዳር ጀምሮ የቆመው አንድ ነገር ይንቀሳቀሳል።

ይህን የምቸኩልበት ምክንያት አለኝ። አሁን ሐምሌ ነው። መስከረም ከመግባቱ በፊት ወላጅ ሁሉ ዩኒፎርም ሰፊ ይፈልጋል። ከሌላው ጊዜ ይልቅ አሁን ሥራው ራሱ ወደ ደጅሽ ይመጣል። ግን ያገኘሽውን ሁሉ አትቀበይ። ልትጨርሺ የምትችይውን ብቻ ያዢ። የጨርቁን ቀብድ ተቀበይ እንጂ ከኪስሽ አታውጪ። ሁለተኛው መኪና ለምን ይቆማል? ከአንቺ ጋር ከተቀነሱት መሀል ቤቷ የተቀመጠች አንዲት ጓደኛ አታጪም። ጥሪያትና በሠራችው ልክ ተካፈሉ። ገንዘቡ ይጠቅማችኋል። ከገንዘቡ ይልቅ ግን ሁለተኛው መኪና አጠገብሽ ሲያንኳኳ ቤቱ ዝም አይልም። እሑድም ሲመችሽ ልጅሽን ይዘሽ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ውረጂ። አሣው ሲበለት፣ አባ ኮዳዎቹ ትርፍራፊውን ሲሻሙ ትይ። ለሁለታችሁም አየር ነው።

«ይህ ሁሉ ለበጎ ነው፣ ከዚህ ትምህርት ታገኚበታለሽ» የሚሉሽም አሉ መሰለኝ። እንዲህ ያለውን ነገር በጥንቃቄ ስሚው። ሪቻርድ ቴደስኪና ሎውረንስ ካልሁን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይህንኑ ሲያጠኑ ነበር። ከከባድ መከራ በኋላ አንዳንድ ሰዎች ከሰው ጋር ያላቸው ቅርበት እንደጨመረ፣ ያላሰቡት መንገድ እንደተከፈተላቸው፣ ትንሹን ነገር ማመስገን እንደጀመሩ ይናገራሉ። እነዚሁ ሰዎች ግን ማዘናቸውን አላቆሙም። ለውጡና ኀዘኑ አብረው ኖሩ። አንቺም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ እሰየው። ባይመጣም ያጎደልሽው የለም። ባልሽ የሞተው አንቺ እንድታድጊ አይደለም።

የአክስትሽን ነገር በአጭሩ ልመልስ። ከፍቅር የመጣ ሐሳብ ነው፣ አትቆጫት። ነገር ግን አሁን አትሂጂ። በኀዘን ዓመት ቤት መሸጥ፣ አገር መልቀቅ፣ ልጅ ለሰው መተው የሚባሉ ነገሮች አይወሰኑም። ያቺ ልጅ አባቷን ማጣቷን ገና ልትሰማ ነው። በዚያው ዓመት እናቷን ማጣት የለባትም። ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ፣ ስፌቱ ተሞክሮ አላዋጣ ካለ፣ ያኔ በሕጋዊ መንገድና በውል የሚሆነውን ተቀምጠሽ ማሰብ ትችያለሽ። ለአክስትሽ «እስከ ኅዳር ምንም አልወስንም» በያትና ዝጊው።

የቀረው የገንዘቡ ነገር ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው።

ባጃጁ በትዳራችሁ ውስጥ የተገዛ ከሆነ ግማሹ የራስሽ ነው። ውርስ አይደለም፣ የራስሽ ሀብት ነው። የቀረው ግማሽ የባለቤትሽ ድርሻ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ ኑዛዜ ከሌለ ቀዳሚው ወራሽ የሟች ልጅ ነው ይላል። ልጅ እያለ ወንድም አይወርስም። ስለዚህ ዋርሳሽ ባጃጁን «እንሽጠው» ሊልሽ ይችላል እንጂ ሊሸጠው አይችልም። ክፉ ሰው ነው አላልኩም። ወንድሙ ሞቶበታል፣ በወጉ ሊሸኘው ነው የፈለገው። እሱም አዝኗል። ግን የልጅቷ ነገር ይቀድማል። ከቀበሌ የሞት ምስክር ወረቀቱን አውጪ። የጋብቻ ማስረጃሽንና የልጅሽን የልደት ምስክር ወረቀት ያዢና ፍርድ ቤት ሄደሽ የወራሽነት ማረጋገጫ ጠይቂ። ያ እስኪወጣ ድረስ ማንም የሚሰጥሽን ወረቀት አትፈርሚ። «ለአሠራር ነው» ቢሉሽም አትፈርሚ።

ሙት ዓመቱን በተመለከተ ነፍስ አባትሽን አማክሪ። ጸሎቱና ፍትሐቱ ይደረግ። ጥቂት ነዳያንን አብሊ። በሬ ካልታረደ ነፍሱ አትማርም የሚል ቀኖና የለም። በብድር ላይ ብድር ገብታችሁ፣ የልጅቷን መብል ሸጣችሁ የምታወጡት ድግስ ሟቹንም አያስደስተውም። ይህን ለዋርሳሽ አንቺ ከምትነግሪው ነፍስ አባትሽ ቢነግሩት ይሻላል፤ ከእሳቸው ይሰማል። ባጃጁ ደግሞ ቆሞ ከሚዝግ የወራሽነቱ ጉዳይ ሲያልቅ ለታመነ ሹፌር ስጪው። በየቀኑ የሚያስገባልሽ ገቢ ብድሩን ይጎትትልሻል። ዋርሳሽ መንዳት የሚችል ከሆነና ከተስማማችሁ እሱው ይንዳው፣ በውል ይሁን ብቻ።

ብድር ቤቱ እስኪመጣብሽ አትጠብቂ። አንቺ ቀድመሽ ሂጂ፤ ሽማግሌውም አብሮሽ ይሁን። የሞት ምስክር ወረቀቱን አሳዪያቸውና የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ከመሄድሽ በፊት ግን የብድር ውሉን ፈልጊ። በባለቤትሽ ስም የተወሰደ ስለሆነ አንድ ነገር ማየት አለብሽ። አንዳንድ አበዳሪዎች ብድሩን ሲሰጡ ለመድን ብለው ትንሽ ገንዘብ ይቆርጣሉ። ተበዳሪው ሲሞት ቀሪውን ዕዳ የሚሸፍነው ያ መድን ነው። ብዙ ሰው መቆረጡን ስለማያውቅ ሳይጠይቅ ይከፍላል። ውሉ ላይ «መድን» ወይም «ኢንሹራንስ» የሚል ካለ ሳትጠይቂ አንድም ብር እንዳትከፍይ። ውሉ ቤት ከጠፋ ቅጂ እንዲሰጡሽ ጠይቂያቸው። ምን እንደሚል ካየሽ በኋላ ጻፊልኝ፣ የሚቀጥለውን እርምጃ አብረን እናያለን።